በወረቀት ምስል ያስጌጥኩት ትሪ ለምን ተጨማደደ?

ጥያቄ፦
ለእናቴ ስጦታ እንዲሆን አንድ የእንጨት ትሪ ከመጽሔት ቆርጬ ባወጣኋቸው የአበባ ምስሎች ለማስጌጥ ፈልጌ በኮላ ለጠፍኳቸው፤ ሲደርቅ ግን ወረቀቱ ተጨማደደ፣ መሃሉም አየር ቋጠረ። ስህተቴ ምን ላይ ይሆን?

መልስ፦
ወረቀት እርጥበት ሲነካው ይለጠጣል፣ ሲደርቅም ይሰበሰባል። ስለዚህ ኮላውን በጥቂት ውሃ አቅጥነው ትሪውንም የወረቀቱንም ጀርባ በስሱ ከቀቡ በኋላ፣ ከመሃል ወደ ዳር በጣትዎ እየገፉ አየሩን ያስወጡ። አሁን ያበጠውን በምላጭ ጫፍ በቀጭኑ ሰንጥቀው፣ በመርፌ ጫፍ ጥቂት ኮላ አስገብተው ይጫኑት።

መልስ፦
ቫርኒሹም እንዳይረሳ እለምናለሁ፤ የሥራው ውበት ያለው እዚያ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የቬኒስ ባለሙያዎች ከሩቅ ምሥራቅ የሚመጣውን ውድ የላከር (ከዛፍ ሙጫ በሚሠራ አንጸባራቂ ቅብ የተለበጠ) ዕቃ ለማስመሰል፣ የታተሙ ምስሎችን ቆርጠውና ቀለም ቀብተው በቤት ዕቃ ላይ ከለጠፉ በኋላ፣ የወረቀቱ ጠርዝ በእጅ ሲዳሰስ እስኪጠፋ ድረስ ቫርኒሽ ይደራርቡበት ነበር። አንዱ ቅብ በደንብ ሳይደርቅ ሌላውን አይደርቡ፤ ጥቂት ከደራረቡ በኋላም በረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለው ያለስልሱት።

ጠያቂዋ፦
ከልብ አመሰግናለሁ። ያበጡትን እንደተባለው ሰንጥቄ ተጭኛቸዋለሁ፤ የአንዱ ቅጠል ጫፍ ስለተቀደደ ብቻ በላዩ ሌላ ቅጠል ቆርጬ እለጥፍበታለሁ።