የሙሽራ ቀሚስና ነጠላ ቀለም ለቀቀብኝ፣ እሑድ ሠርግ ነው! ቶሎ ድረሱልኝ

የማርቆሷ ጥልፍ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡10)
እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ቀዩ ወደ ነጩ ሄዷል። ቀሚሱ ከጥለቱ ጀምሮ ስንዝር ያህል ሮዝ ሆኗል፤ ነጠላው ተጣጥፎ ስለተዘፈዘፈ መሀሉ ድረስ ዥጉርጉር ብሏል። ያጠቡት አማቴ ናቸው። እኔ ክር ላደርስ ሸማኔው ዘንድ ሄጄ ነበር፣ ትንሹ ልጄ በወጥ እጁ ቀሚሱን ነካካው፣ እሳቸው "ሳትመጣ ላጽዳላት" ብለው ሁለቱንም በፈላ ውሃ ነከሯቸው። ቀብድ ተቀብያለሁ፣ ቀብዱም በክር አልቋል። ቅዳሜ ጠዋት ሊወስዱ ይመጣሉ። በረኪና ጠብ ባደርግበት ይነጣል? መጠኑን ብቻ ንገሩኝ። አሁንም ገንዳ ውስጥ ነው ያለው።

ልቃቂት (8፡17)
በረኪናውን መልሰሽ አስቀምጪው! ጥጡን ያሳሳዋል፣ ጥለቱንም ዥንጉርጉር አድርጎ ያነጣዋል፣ ያኔ ሁለት ችግር ይሆንብሻል። ገንዳ ውስጥ ከሆነ አሁኑኑ አውጪውና ዘርጊው። ግን እንዳታደርቂው፣ ካውያም እንዳይነካው። እርጥብ እስከሆነ ድረስ ተስፋ አለው።
አሁን ንገሪን፦ የቀሚሱ ጥለት ተሰፍቶበት ነው ወይስ አብሮ የተሸመነ? ቀዩ ክር ከገበያ የተገዛ ነው ወይስ ራስሽ ያቀለምሽው? ይህን ሳናውቅ ማንም የሚሰጥሽ መልስ ግምት ነው።

አባ ኮስትር (8፡21)
ሮዝ አሁን ፋሽን ነው በያቸው። ሚዜዎቹም አንድ አንድ ነጠላ ይዘው ይምጡና እዚያው ገንዳ ውስጥ ይግቡ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናል።

የቡሬዋ (8፡24)
ጨውና ኮምጣጤ። እፍኝ ጨው፣ አንድ ብርጭቆ ኮምጣጤ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይደር። ሌላ ነገር አትሞክሪ።

ግሽ ዓባይ (8፡30)
ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ጥፋቱ የአማትሽ አይደለም። በደንብ የቀለመ ክር ቢታጠብ አይለቅም። ሙሽሪት ራሷ ከሠርጉ ማግስት ብታጥበውስ ኖሮ? ያኔ ስምሽ በየሰፈሩ ይነሣ ነበር። እንዲያውም አማትሽ አድነውሻል። ደግሞ የደንበኛ ዕቃ ልጅ በወጥ እጁ የሚደርስበት ቦታ ምን ይሠራል?

የማርቆሷ ጥልፍ (8፡43)
ግሽ ዓባይ፣ ልጅ የማይደርስበት ክፍል ካለህ አከራየኝ። ሁለት ክፍል ቤት ነው። አንዱ መኝታ ነው፣ ሌላው ሳሎንም ወጥ ቤትም የኔ ሥራ ቤትም ነው። ባለቤቴ ደጀን ነው የሚያስተምር፣ የሚመጣው ዓርብ ማታ ነው። አማቴ ባይኖሩልኝ መርፌም አላነሣም ነበር፤ እርሳቸውም አሁን ተቀይመው ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል።
ልቃቂት የኔ እናት፣ ይኸውልሽ፦ የቀሚሱ ጥለት ተሰፍቶ ነው፣ አንገቱ፣ እጅጌው፣ ከፊት እስከ ታች፣ ዙሪያው። የነጠላው አብሮ የተሸመነ ነው። ክሩን ያቀለምኩት እኔ ነኝ። ሙሽሪት የፈለገችው ወይን ጠጅ መሰል ቀይ ገበያ ላይ ስላልተገኘ ነጭ ክር ገዝቼ በዱቄት ቀለም ቀቅዬ ነው ለሸማኔው የሰጠሁት። አንገቱ ላይ የጠለፍኩበት ክር ግን የፋብሪካ ነው፣ እሱ ምንም አልሆነ።

የድሮ ማቅለሚያ ቤት (9፡02)
ልጄ፣ እኔ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው ጥርሴን የነቀልኩት። ያ ፋብሪካ በጣሊያን የጦር ካሳ ገንዘብ በ1950ዎቹ የተቋቋመ ነው። የዛሬ ልጆች ጣና ዳር ሆቴሉን እንጂ ፋብሪካውን አታውቁም። ያኔ አንድ ጨርቅ ቀለም ገብቶ ሲወጣ ወዲያው አይመሰገንም፤ ይታጠባል፣ እንደገና ይታጠባል፣ የሚወጣው ውሃ ሲጠራ ነው ጨርቅ የሚባል። ዛሬ ሁሉም ሰው ድስት ጥዶ ቀለም ቀቅሎ "ዲዛይነር ነኝ" ይላል።
ያም ሆነ ይህ። ክሩ ላይ የምታዪው ቀለም ሁሉ ክሩን የያዘ አይደለም። ከፊሉ ውስጥ ዘልቋል፣ ከፊሉ ላይ ላዩን ተለጥፎ ውሃ ይጠብቃል። የለቀቀብሽ ይኼ ሁለተኛው ነው፣ ነጩ ላይም የተቀመጠው ላይ ላዩን ነውና አብዛኛው ይወጣል። የጨውን ነገር በተመለከተ፦ ጨው የሚጠቅመው በማቅለሚያው ሰዓት ነው፣ ቀለሙን ከውሃው ወደ ጥጡ ይገፋዋል። አሁን ብትጨምሪው ደግሞ ገንዳው ውስጥ ያለውን ቀይ ወደ ነጩ ይገፋልሻል። ኮምጣጤም የሱፍ ነው። በርኖስ ወይም ባና የምታቀልሙ ከሆነ እሺ፤ ለጥጥ ግን ሽታው ብቻ ነው የሚተርፋችሁ።

የቡሬዋ (9：06)
እኔ በጨውና በኮምጣጤ ስንት ነጠላ አድኛለሁ። የፋብሪካና የቤት አንድ አይደለም።

ሞጣ ቀራንዮ (9፡11)
እንዶድ ካለሽ እንዶድ! አያቶቻችን ሸማ ያነጡ የነበረው በእንዶድ ነው። በነገራችን ላይ ዶክተር አክሊሉ ለማ የእንዶድን ኃይል ያገኙት በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ነው፤ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው። የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ ይገድላል ተብሎ ዓለም ያወቀው በዚያ ነው።

አባ ኮስትር (9፡13)
ቀሚሱ ላይ ቀንድ አውጣ ከተገኘ እንጠራሃለን።

የክር ነገር (9፡26)
ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅ ተማሪ ነኝ። ጋሼ ስለ ጨው ያሉት ልክ ነው። አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ፣ ሁለቱን ልብስ ለየብቻ እዪያቸው።

ቀሚሱ ቀላል ነው። ጥለቱ ተሰፍቶ ስለሆነ ስፌቱን ፍቺና አውጪው፤ ከሳሳው ሸማ ጋር እንዳትጎትቺው፣ በምላጭ ሳይሆን በትንሽ መቀስ። ጥለቱ ከወጣ በኋላ ነጩ ብቻ ነው የሚቀር፣ እሱን አትፍሪለት። ትልቅ ገንዳ፣ ብዙ ውሃ፣ እጅ የሚችለው ሙቅ፣ የዱቄት ሳሙና ጠንከር አድርገሽ። ተዘርግቶ ይንሳፈፍ እንጂ አይታጨቅ። ውሃው ሮዝ ሲል ድፊውና ቀይሪው። ዋናው ምሥጢር የውሃው ብዛት ነው፤ ትንሽ ውሃ ውስጥ የለቀቀ ቀለም ተመልሶ እዚያው ይቀመጣል። የወጡ ዘይት ያለበትን ቦታ መጀመሪያ ደረቅ ሳሙና አሽተሽ ተዪው። አንገቱ ላይ ያለው ጥልፍ አለቀቀም ብለሻል፣ ቢሆንም እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርገሽበት እዪው፣ ከዚያ ነው ሙቅ የምታስነኪው።

ነጠላው ነው ሥራ ያለው፤ ጥለቱ አይለይም። ሙቅ አትጠቀሚ፣ ሙቀት ከጥለቱ ገና ብዙ ቀለም ያወጣል። ለብ ያለ ውሃ፣ ያው ብዙ ውሃና ብዙ ሳሙና፣ እጅሽን ሳትነቅዪ እያንቀሳቀስሽ። ጥለቱ ነጩ ላይ እንዳይታጠፍ። ለሌሊት ዘፍዝፈሽ እንዳትተኚ።

ሲታጠብ ካበቃ በፎጣ ጠቅልለሽ ውሃውን አስመጥጪ፣ በጥለቱና በነጩ መካከል ሌላ ነጭ ጨርቅ ይግባ። ከዚያ ገመድ ላይ ከወገቡ አንጠልጥዪው፣ ሁለቱም ጥለት ወደ ታች ይውረድ። ውሃ ወደ ታች ስለሚወርድ ቀዩ ወደ ነጩ አይወጣም። አብዛኛው ሰው ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ ያሰጣና ነው ሁለተኛ የሚበከልበት።

ልቃቂት (9፡34)
ተማሪው እንዳለው አድርጊ። የምጨምረው፦ የፈታሽውን የቀሚሱን ጥለት ቀዩ እስኪጠራ ለብቻው እጠቢው እንጂ እንዳለ መልሰሽ እንዳትሰፊው። ካልጠራልሽ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ጥለት ግዢና ስፊ። መጀመሪያ ግን ለሙሽሪት ቤት ደውዪ።

ግሽ ዓባይ (9፡38)
ምን ብላ ትደውል? ሠርግ ሦስት ቀን ቀርቶት የሙሽራ እናት በስልክ ልታስደነግጥ ነው? መጀመሪያ ትጠብና ትይ። ከወጣ ማንም ማወቅ የለበትም።

ልቃቂት (9፡41)
ቅዳሜ ጠዋት በር ላይ ቆመው ከሚያዩት ዛሬ ቢሰሙት ይሻላል። ዛሬ ከሰሙ ነጠላ እንኳ ሌላ መፈለጊያ ቀን አላቸው። ጥለቱ ይቀየር ይሆናል፣ ቀለሙ ትንሽ ይለያል፣ ትስማማላችሁ ወይ ብሎ መጠየቅ ምኑ ነው ነውር? እኔ ደብቄ የሰጠሁት ዕቃ ሁልጊዜ ከምደብቀው በላይ ነው የሚያስከፍለኝ።

የማርቆሷ ጥልፍ (10፡05)
የቀሚሱን ጥለት እየፈታሁ ነው። አማቴም ተነሥተው የታችኛውን ዙሪያ ይዘዋል፣ ዓይናቸው ከኔ ይሻላል። ሕፃኑ ጎረቤት ነው። መብራት የለም፣ ውሃውን በከሰል ነው የማሞቅ። ስልክ ገና አልደወልኩም።

የጮቄ ንፋስ (10፡12)
አንቺየ፣ አይዞሽ። እኔም ቢቸና ሆኜ ጥልፍ ነው የምሠራ፣ ሦስት ልጅ አለኝ። ዛሬ የሚጠቅምሽ ምክር አይደለም፣ ግን ከዚህ በኋላ ስሚኝ።
የደንበኛ ልብስ የቤተሰቡ ልብስ በሚታጠብበት ገንዳ በፍጹም አይገባም፤ ርካሽም ቢሆን ለብቻው ገንዳ ግዢለት። ያለቀ ሥራ በአሮጌ አንሶላ ታስሮ ከጣራው ሥር ይሰቀላል፤ ልጅ ሲያድግ መስቀያው ከፍ ይላል። ለአማትሽ ደግሞ "አይንኩብኝ" አትበያቸው፣ ቅር ይላቸዋል። ሥራ ስጫቸው። እኔ እናቴን ባዘቶና ፈትሉን አስረክቤያታለሁ፤ እንዝርቷን ይዛ ትውላለች፣ የኔን ዕቃ የምታይበት ጊዜ የላትም፣ ፈትሏም ከኔ ያምራል።
ትልቁ ነገር ግን የራስሽ አዲስ ቀለምና አዲስ ጥልፍ ነው። በትዕዛዝ ላይ አትሞክሪው። ጥር ሙሉ ሠርግ ነው፣ ያን ጊዜ የምትችይውን ብቻ ሥሪ። ሁዳዴ ሲገባ ሠርግ የለም፤ ያኔ ነው ቀለም የሚቀቀል፣ የሚታጠብ፣ ፀሐይ ላይ የሚታይ። የወደድሽውን በቁራጭ ሸማ ላይ ሥሪና አስቀምጪ፣ ደንበኛ ሲመጣ አሳይተሽ ታስመርጫለሽ።

የአዴት ልጅ (10፡20)
የጮቄ ንፋስ፣ ሁዳዴ ላይ የፋሲካ ትዕዛዝ አለ እኮ! እኔ እንዲያውም በዓመት የማልተኛው ያኔ ነው። የራሴን ሥራ የምሠራው ክረምት ነው፣ ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን።

የጮቄ ንፋስ (10፡24)
ክረምት ቀለም አይደርቅም፣ ሽታ ይይዛል። ክረምት ለጥልፍ ይሁንልሽ። የሁዳዴ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ባዶ ናቸው፣ የፋሲካ ሰው ከደብረ ዘይት በፊት አይመጣም።

የአዴት ልጅ (10፡26)
የናንተ አገር ሰው ጨዋ ነው። የኛ ገና በቅበላ ይመጣል።

አባ ኮስትር (10፡31)
ባልየው ዓርብ ማታ ሲመጣ ሳሎን ሙሉ ገመድ ተወጥሮ ነጠላ ተሰቅሎ ሊያገኝ ነው። ለሱም የሚያጥበው ነገር አዘጋጁለት።

የድሮ ማቅለሚያ ቤት (11፡15)
አንድ ነገር ረሳሁ። ልጄ፣ የተረፈ ቀይ ክር ካለሽ ለሸማኔው ከመስጠትሽ በፊት በሳሙናና በሙቅ ውሃ እያጠብሽ ውሃው ኩልል እስኪል ድረስ ቀይሪ። ከዚያ እርጥቡን ክር በነጭ ሸማ ጠቅልለሽ አሳድሪው። ጠዋት ሸማው ነጭ ከሆነ ለሙሽራም ለንጉሥም ይሆናል። ቀይና ጥቁር ላይ ይኼን ሳታደርጊ እንዳትሰጪ።

የማርቆሷ ጥልፍ (ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡50)
የቀሚሱ ነጩ ወጥቷል! ወጡም የለም። አምስቴ ነው ስድስቴ ውሃ ቀየርን፣ ጎረቤት ሁሉ ባልዲ አዋጣ። ነጠላው በጣም ቀንሷል፣ ግን ብርሃን ላይ ሲያዩት መሀሉ ላይ አሁንም ጥላ የመሰለ አለ። ሌላ ዙር ላጥበው ወይስ ይብቃው? ሸማው ሊሳሳብኝ ፈራሁ።

የክር ነገር (4፡10)
አንድ ዙር ብቻ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ ሳታሺ። ከዚያ ሳሙናው በደንብ ይልቀቅና ከወገቡ ፀሐይ ላይ ይዋል፣ ፀሐይ ቀሪውን ያደበዝዘዋል። ጥለቱን ግን በጨርቅ ሸፍኚው፣ እሱንም ያደበዝዘዋልና። ካውያ የምታስነኪው ጥላው በቃኝ ስትዪ ብቻ ነው።

ልቃቂት (4፡12)
ደወልሽላቸው?

የቡሬዋ (4፡30)
ጨው አልጨመርሽበትም አይደል። ለዚህ ነው ጥላው የቀረ።

ግሽ ዓባይ (ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡05)
ሠርጉ አለፈ። ነጠላው እንዴት ሆነ? ለሙሽሪት ቤትስ ተነገረ አልተነገረም?

አባ ኮስትር (ሰኞ፣ 7፡20)
ዝም ካለች ወይ ተሳክቶላታል፣ ወይ መልስ ላይ ተጠርታለች።

የደንበጫ ሸማ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡40)
ሰላም ለቤቱ። የኔ አረንጓዴ ጥለት ነው፣ ጋቢ ላይ። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ቀለሙ በውስጠኛው በኩል ነው የገባ። ፈትቼ ድርቡን ለያይቼ ልጠበው ወይስ እንዳለ? የተማሪው መልስ ለጋቢም ይሠራል?