ምርጫ ሲገፋ ሰልፍ መውጣት ምን ይፈይዳል?

ከፋች (ደሴ፣ ፒያሳ)፦
ያ ጀመዓ፣ እንዴት አመሻችሁ። ማታ በርጫው ላይ ተነሥቶ ሳይቋጭ የተበተንበትን ነገር እዚህ እንጨርሰው። የታይላንዱ ጄኔራል ፕራዩት እ.ኤ.አ. በሜይ 2014 መንግሥት ገልብጠው ምርጫ በቅርቡ ነው አሉ። 2015 ተባለ፣ 2016 ተባለ፣ 2017 ተባለ፣ ከዚያ ኖቬምበር 2018። ጃንዋሪ 2018 ላይ ወታደሮቹ የሾሙት ምክር ቤት የምርጫ ሕጉን ሥራ ላይ መዋል በ90 ቀን ገፋው። ያኔ «መምረጥ እንፈልጋለን» ያሉ ወጣቶች ባንኮክ ላይ ሰልፍ ወጡ፤ አምስት ሰው ሆኖ ለፖለቲካ መሰብሰብ በተከለከለበት አገር። በማርች 2019 ምርጫው ተደረገ። ሰልፉ ነው ያመጣው ወይስ ጄኔራሎቹ ሲመቻቸው ነው የሰጡት?

የሸዋበሩ፦
ሲመቻቸው ነዋ! ሒሳቡን እየው። 250 ሴናተር ሾሙ፤ ሴናተሮቹ ከ500 ተመራጮች ጋር ሆነው ጠቅላይ ሚኒስትሩን ይመርጣሉ። የሚያስፈልገው 376 ድምፅ ነው። ሰውዬው ከሕዝብ ተመራጮች 126 ካገኙ በቃቸው። ልጆቹ ሁከት ቀስቅሳችኋል ተብለው ፍርድ ቤት ሲመላለሱ እሳቸው በኮሮጆ ታጥበው ወጡ።

ጋሼ (ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሐይቅ)፦
ልጆች፣ እኔን ከታይላንዱ ይልቅ የራሳችን ነው ትዝ የሚለኝ። በ1967 ዓ.ም. መባቻ፣ ንጉሡ ሊወርዱ ሲሉ፣ የወሎ ረሃብ በቴሌቪዥን ታየ። የኛ ሙታን ናቸው ደርግን ወንበር ላይ ያወጡት ብል አላጋነንኩም። ስሙንም «ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ» አለው። ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ያለው ተማሪና መምህር ምን እንደደረሰበት ለደሴ ሰው አይነገርም። ያ ጊዜያዊ 13 ዓመት ቆየ።

በመሀሉ ተኝቶ አልነበረም እኮ። ቀበሌው ተያዘ፣ ካድሬው ሠለጠነ፣ በአሥረኛው የአብዮት በዓል ዋዜማ የደርጉ ፓርቲ ኢሠፓ ተመሠረተ። አዲስ አበባ በባንዲራና በቅስት ስታሸበርቅ ቆሬም ላይ ሬሳ በየማለዳው ይሰበሰብ ነበር። ምርጫ የሚባለው የመጣው በ1979 ዓ.ም. ዕጩው ተጣርቶ ካለቀ በኋላ ነው። እኔም ተሰልፌ መርጫለሁ። የቀበሌው ሰው በሩ ላይ የስም ዝርዝር ይዞ ቆሟል፤ የቀረ ሰው ይታወቃል። እና ሲዘገይ ዝም ብሎ ቀን የሚያልፍ አይምሰላችሁ፤ ሕጉም ዳኛውም ድምፅ ቆጣሪውም የነሱ የሚሆነው ያኔ ነው። የባንኮኮቹ አራት ዓመት አርፍደው ነው የወጡት።

የኮምቦልቻዋ፦
ጋሼ፣ በድፍረት አይውሰዱብኝና፣ አላረፈዱም። ገና በወሩ ወጥተዋል። ሰልፍ ሲከለከል ለተቃውሞ ምልክት ሦስት ጣት እያነሡ ቆሙ፤ እሱም ሲከለከል አደባባይ ላይ ሳንድዊች ይበሉ ጀመር፤ ለዚያም ተያዙ። ዳቦ በመብላት! እ.ኤ.አ. በ2016 የወታደሮቹ ሕገ መንግሥት ለሕዝበ ውሳኔ ሲቀርብ እንቢ በሉ ብለው ወረቀት የበተኑትም ታስረዋል። የጎደላቸው ጊዜ ሳይሆን የሚከተላቸው ሰው ነው።

ወልድያ፦
እኔ እንኳ ታገሡ ባይ ነኝ። ጥይት በሚጮህበት ወረዳ ኮሮጆ የሚሸከም ማነው? እኛ ሰሜን ወሎዎች ይኼን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። መጀመሪያ ሰላም፣ ከዚያ ምርጫ። ማሊን እዩ፣ ግማሽ አገሩ ጦርነት ነው።

የኮምቦልቻዋ፦
ወንድሜ፣ ማሊን ባትጠራት ይሻልህ ነበር 😂 ሥልጣን የያዙት ወታደሮች ምርጫው ፌብሯሪ 2022 ነው አሉ፤ አለፈ። ፌብሯሪ 2024 አሉ፤ «ቴክኒካዊ ምክንያት» ብለው ገፉት። ሜይ 2025 ላይ ሕዝቡ ባማኮ ላይ ሰልፍ ሲወጣ በዚያው ወር ፓርቲዎቹን በሙሉ አፈረሱ። በጁላይ ለወታደራዊው መሪ ለጎይታ አምስት ዓመት ተሰጣቸው፤ ያለ ምርጫ ሊታደስ የሚችል። ሰላሙስ? በዚያው ዓመት ታጣቂዎቹ መንገዱን ዘግተው ባማኮ ነዳጅ አጥታ ትምህርት ቤት ተዘጋ። የታገሠው ምን አገኘ?

የሸዋበሩ፦
የወጣውስ ምን አገኘ? ፓርቲውን አጣ። እኔም የምለው ይኼንኑ ነው።

ጋሼ፦
ሱዳንንም እዩ እንጂ፣ ጎረቤታችን ናት። እ.ኤ.አ. በ1985 ፕሬዚዳንት ኑሜሪ ሲወርዱ ሥልጣኑን የያዙት ጄኔራል ስዋር አል ዳሃብ በዓመቱ አስረክባለሁ አሉ፤ በ1986 ምርጫ ተደርጎ አስረከቡ። ቃላቸውን የሚያከብሩ ሰው ነበሩ፣ እውነት ነው። ግን ሐኪሙም መሐንዲሱም ባቡር ሠራተኛውም በማኅበሩ ተደራጅቶ ነበር፤ ኑሜሪን በሥራ ማቆም የጣለው እሱ ነው፣ ምርጫው እስኪደርስም አልተበተነም። ቀን ቢገፉ አገሩን እንደገና እንደሚያቆመው ያውቃሉ።

የሸዋበሩ፦
በሦስት ዓመቱ አል በሽር በመፈንቅለ መንግሥት መጣ እኮ ጋሼ።

ጋሼ፦
መጣ። ሲመጣ መጀመሪያ ከዘጋቸው ውስጥ እነዚያ ማኅበራት አሉበት። ለምን ይመስልሃል?

ወልድያ፦
እሺ፣ ማኅበር የሌለበት አገር ምን ያድርግ? አንቱ፣ እሱን ይመልሱልኝ።