አርታኢው ባለታሪኬ ንስሐ እንዲገባ ጠየቁኝ

ጥያቄ፦ ካቶሊክ ነኝ፤ አጫጭር ልብ ወለዶችን እጽፋለሁ። ለአንድ መንፈሳዊ መጽሔት የላክሁት ታሪክ፣ አንድ ሰካራም አባት የሟች ልጁን መቁጠሪያ ሸጦ ሲጠጣበት ያበቃል። አርታኢው ከመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ሥር በቀይ ቀለም «ንስሐ ይግባ» ብለው ጽፈው መለሱልኝ፤ ያለ ቤተ ክርስቲያን ፈቃድ እንደማይታተምም ነገሩኝ። እውነት ነውን?

መልስ 1፦ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የቀኖና ሕግ በቁጥር 827 የቅድሚያ ፈቃድ የሚጠይቀው ለትምህርተ ክርስቶስና ለመሳሰሉት መጻሕፍት ነው፤ ልብ ወለድን አይጠቅስም። መነኩሴ ከሆኑ ግን፣ ሃይማኖትንና ምግባርን ለሚመለከት ጽሑፍ የአለቃዎ ፈቃድ ያስፈልግዎታል (ቁጥር 832)።

መልስ 2፦ የካቶሊክ ጳጳሳት የተሰበሰቡበት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ መገናኛ ብዙኃን ባወጣው ድንጋጌ፣ ክፋትን መግለጽ ለሥነ ምግባር እስከተገዛ ድረስ ሰውን በጥልቀት ለማወቅ ሊረዳ እንደሚችል ተቀብሏል። ይህን ለአርታኢው በአክብሮት ይጻፉላቸው።

መልስ 3፦ ለዓመታት አርታኢ ነበርሁ፤ የተቆጣ አንባቢ ደብዳቤ በቅድሚያ የሚያርፈው በእኛ ጠረጴዛ ላይ በመሆኑ ፍርሃታቸው ይገባኛል። ሆኖም በግድ የተለጠፈ ንስሐ ታሪኩን ይገድለዋል፤ ይልቁንስ አባትየው መቁጠሪያውን ሲያስረክብ ጣቱን በመቁጠሪያው መስቀል ላይ ጥቂት ያቆዩልን።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያችን ጣት ዛሬውኑ እጽፋታለሁ፤ ንስሐውን ግን አልጨምርም።