ሥራ ኮምቦልቻ፣ ቤት ደሴ ወይስ እዚያው ኮምቦልቻ? ወጪውን እንዴት ላስላው?

አዲስ ተዛዋሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ ልዛወር ነው። ሥራው ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የጥራት ቁጥጥር ሲሆን በሳምንት 6 ቀን፣ በፈረቃ ነው። ባለቤቴ ነርስ ነው፤ እሱም ደሴ ዝውውር ተፈቅዶለታል። ልጆቻችን 7 እና 3 ዓመታቸው ነው። የቀረበልኝ መሠረታዊ ደሞዝ 24,000 ብር፣ የቤት አበሉ 6,000 ብር ነው። ደላላ በስልክ የነገረኝ ኪራይ ደግሞ ባለ 2 መኝታ ኮምቦልቻ 12,000፣ ደሴ 8,500 ብር ነው። ያማከርኩት ሁሉ «ደሴ ተከራዪና ተመላለሺ፣ 25 ኪሎ ሜትር ምን አላት» ይለኛል። እውነት ይረክሳል? ቤቱን ለማየት ስመጣስ ምን ምን ላረጋግጥ?

የፒያሳው ሒሳብ ሠራተኛ

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ከኪራዩ በፊት እጅሽ የሚገባውን ብር እናውጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የቤት አበል ከግብር ነፃ አይደለም፤ ከደሞዙ ጋር ተደምሮ ነው የሚታሰበው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት ሠንጠረዥ ከ14,000 ብር በላይ የሚያገኝ ሰው ግብሩ 35 በመቶ ተባዝቶ 2,050 ብር ይቀነስለታል። 30,000 በ35 በመቶ 10,500፤ ከዚያ ላይ 2,050 ሲነሳ ግብርሽ 8,450 ብር ነው። ጡረታው 7 በመቶ ነው፤ እሱ የሚቆረጠው ከመሠረታዊ ደሞዝ ብቻ ስለሆነ ከ24,000 ላይ 1,680 ብር ይሆናል። የሚደርስሽ 19,870 ብር ነው።

እንግዲህ 6,000 የተባለው የቤት አበል በተግባር 3,900 ብር ነው ማለት ነው። የኮምቦልቻው ኪራይ ከተጣራ ደሞዝሽ 60 በመቶ ይወስዳል፤ የደሴው 43 በመቶ። ሁለቱም ከባድ ናቸው። ስለዚህ ገና ሳትፈርሚ ሁለት ነገር ጠይቂ፤ አንደኛ ጓዝ ማንሻ ይከፍላሉ ወይ፣ ሁለተኛ የሠራተኛ ሰርቪስ ከደሴ ይነሳል ወይ። ከተቀጠርሽ በኋላ እነዚህን ማስጨመር በጣም ይከብዳል።

የመመላለሱ ሒሳብ ደግሞ እንዲህ ነው። የኪራዩ ልዩነት 3,500 ብር ነው። በሳምንት 6 ቀን ማለት በወር 26 ቀን ገደማ፣ ደርሶ መልስ 52 ጉዞ ነው። 3,500 ለ52 ሲካፈል 67 ብር። የአንድ ጉዞሽ ወጪ ከ67 ብር ካለፈ ደሴ መኖሩ አላተረፈሽም። ጉዞ ስል ከደጅሽ እስከ ፋብሪካው በር ነው፤ ባጃጅ እስከ መናኸሪያ፣ ሚኒባስ እስከ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ እንደገና ባጃጅ። ሰው የሚቆጥረው የመሃሉን ብቻ ነው። የዕለቱን ታሪፍ መናኸሪያ ጠይቀሽ ሦስቱንም ደምሪ።

የሐረጎ መንገድ

የደሞዙ ስሌት ልክ ነው፣ የጉዞው ግን ግማሽ ነው። ባልየው ተረስቷል። ቤተሰቡ ኮምቦልቻ ከገባ እሷ ከመመላለስ ትተርፋለች እንጂ እሱ በተራው ወደ ደሴ ይመላለሳል። ነርስ አዳር ተረኛ ስለሚሆን በየቀኑ ላይሄድ ይችላል፤ የተረኝነት ሰሌዳውን አይታችሁ ቁጠሩት። በወር 16 ቀን ቢሆን 32 ጉዞ ነው። ስለዚህ ኮምቦልቻ መኖር የሚያድነው የ52ቱን ሳይሆን የ20 ጉዞ ወጪ ነው። 3,500 ለ20 ሲካፈል 175 ብር። አንድ ጉዞ ከ175 ብር በታች እስከሆነ ድረስ በጥሬ ገንዘብ ደሴ ይረክሳል። ያማከሩሽ ሰዎች እስከዚህ ድረስ እውነት አላቸው።

እኔ ግን ውሳኔውን ለገንዘቡ ብቻ አልተወውም። የሚወስነው ፈረቃሽ ነው። በ3 ፈረቃ የሚሠራ ፋብሪካ አብዛኛውን ጊዜ ከንጋቱ 12 እስከ 8፣ ከ8 እስከ ማታ 4፣ ከማታ 4 እስከ ንጋት 12 ነው የሚያሠራው። ማታ 4 ሰዓት ከፋብሪካ ወጥቶ ወደ ደሴ የሚሄድ ሚኒባስ እጠብቃለሁ ማለት አይቻልም፤ ካገኘሽም ኮንትራት ነው፣ የሙሉ መኪናውን ወንበር ከፍለሽ። በወር 8 ምሽት እንዲህ ከሆነ ከኪራይ ያተረፍሽው ሁሉ እዚያ ያልቃል። የንጋት 12 ሰዓት ፈረቃ ደግሞ ከደሴ 11 ሰዓት ሳይሞላ መነሳትን ይጠይቃል።

መንገዱም ራሱ አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ 650 ሜትሩን የምትወርጂው በሐረጎ ጠመዝማዛ ነው። በደህና ቀን 45 ደቂቃ ብትይው 52 ጉዞ በወር 39 ሰዓት ይሆናል፤ አምስት የሥራ ቀን ማለት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ሲወርድና የጭነት መኪና ከፊት ሲያዘግም ከአንድ ሰዓት ይበልጣል።

ስለዚህ የእኔ ምክር ይኸው ነው። የፋብሪካው ሰርቪስ በሦስቱም ፈረቃ ደሴ ድረስ የሚያደርስ ከሆነ ደሴ ተከራዩ። የቀን ፈረቃን ብቻ ከሆነ የሚያደርሰው ኮምቦልቻ ግቡ፤ የእሱ የተረኝነት ሰሌዳ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ለመመላለስ ከአንቺ ይልቅ እሱ ይመቸዋል። «ሰርቪስ አለ» በሚል ቃል ብቻ አትርኪ፤ በስንት ሰዓት፣ ከየት ሠፈር፣ እሑድስ ጭምር ወይ ብለሽ ጠይቂ።

ብሎኬትና ቆርቆሮ

የቤት አያያዙን እኔ ልመልስ። ሁለቱ ከተሞች የሚያስቸግሩት በተለያየ ነገር ስለሆነ ፍተሻውም አንድ አይደለም።

ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል፣ ዳገት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የመሬት መንሸራተት የቆየ ችግሯ ነው። ቤቱ ውስጥ ከመግባትሽ በፊት ጓሮውን ዙሪ። ዳገቱን የያዘው የድንጋይ ግንብ በየሜትር ተኩሉ ውሃ ማስተንፈሻ ቀዳዳ አለው ወይ? ከሌለው ክረምት ላይ ከኋላው የሚጠራቀመው ውሃ ይገፋዋል። ግንቡ ሆዱ ወደ ውጭ የተነፋ ከሆነ ወይም አናቱ ያዘመመ ከሆነ ኪራዩ ግማሽ ቢሆንም ተይው። ቀጥሎ የመስኮትና የበር ማዕዘኖችን እዪ። ልስኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ሥጋት አይደለም። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ፣ የክብሪት እንጨት የሚያስገባ ስንጥቅ ግን መሠረቱ እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ይናገራል፤ መረሬ አፈር ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ በላዩ የቆመውን ቤት እንዲህ ያደርገዋል። ስንጥቁ ተለስኖ እንደገና ከተከፈተ ደግሞ የባሰ ነው። በሮቹን ሁሉ ክፈቺ ዝጊ፤ አንዱ ከታች የሚፈገፍግ ከሆነ ለምን ብለሽ ጠይቂ።

ዳገቱን ቆርጦ የገባ ግድግዳ ካለ በእጅሽ ዳብሺው። ቀለሙ የተላጠ ወይም በቅርቡ እሱ ብቻ የተቀባ ከሆነ እርጥበት አለ፤ ለ3 ዓመት ልጅ ሻጋታ የሚሸት መኝታ ቤት አይሆንም። አሸንዳው ውሃውን ከመሠረቱ አርቆ ነው የሚጥለው ወይስ እዚያው ሥሩ? ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ነገር ካየሽ ቆርቆሮው ያፈሳል ማለት ነው። የሚቻልሽ ከሆነ ቤቱን ዝናብ ባረፈ ማግስት እዪው።

ኮምቦልቻ በሙቀት ከደሴ 4 ዲግሪ ገደማ ትበልጣለች። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ከሰዓት በኋላ አያስቀምጥም፤ ፊት ለፊት የሚተያዩ መስኮቶች ያሉትን ምረጪ፣ ነፋስ እንዲያልፍ። ወባ አለ፤ ከክረምቱ መውጫ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይበረታል። መስኮቱ ወንፊት ከሌለው አከራዩ እንዲያስገባ ከውል በፊት ተነጋገሪ፣ ለልጆቹም አጎበር ያዢ። ከፋብሪካ ፍሳሽ ተቀብሎ ወደ ቦርከና ወንዝ ከሚወርድ ጅረት አጠገብ ያለ ቤት ጠዋት ላይ ምንም ላይሸት ይችላል፤ ስለዚህ ማታም ሄደሽ አሽትቺው።

ውሃ በሁለቱም ከተማ በፈረቃ ሊመጣ ይችላል። በስንት ቀን እንደሚመጣ አከራዩን ሳይሆን ጎረቤትን ጠይቂ። አራት ሰው በቀን በነፍስ ወከፍ 45 ሊትር ቢጠቀም 180 ሊትር ነው፤ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ 5 ቀን ተኩል ያቆያችኋል። ውሃው በ8 ቀን የሚመጣ ሠፈር ከሆነ 1,500 ሊትር ያስፈልጋል። ሮቶው መሬት ላይ ከተቀመጠ ያለ ፓምፕ ሻወር አይደርስም፤ ከሻወሩ ራስ ቢያንስ 2 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። 1,000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን ስለሚመዝን የቆመበት ብረት ዝጎ እንደሆነ ተመልከቺ፤ ልጆች ከሥሩ የሚጫወቱበት ነው።

መብራት ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ፤ ቆጣሪው የግል ነው የጋራ? ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የኪሎ ዋት ሰዓቱ ዋጋ ከፍ ይላል፤ እርከኖቹ 50፣ 100፣ 200፣ 300፣ 400 እና 500 ላይ ይቀየራሉ። ሦስት ተከራይ እያንዳንዱ 150 ቢጠቀም ለየብቻ ቢሆን ሁሉም ከ100 እስከ 200 ባለው እርከን ላይ ነበሩ፤ በአንድ ቆጣሪ ግን 450 ሆኖ ከ400 በላይ ያለው እርከን ዋጋ ይመጣባቸዋል። «መብራት በጋራ እንከፍላለን» የሚለው ቀላል ቃል በየወሩ ገንዘብ ነው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል፤ 16 አምፔር ማለት ነው። ለምጣዱ 4 ካሬ ሽቦ ለብቻው ካልተዘረጋ፣ ወይም ሶኬቱ ጠቁሮ ካየሽ፣ እዚያ ቤት እንጀራ መጋገር ሽቦውን ማቃጠል ነው። ደሴ ቦይለር ግድ ይላል፤ 50 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 55 ዲግሪ ለማሞቅ 2.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ምጣድና ቦይለር አንድ ላይ አይበሩ፣ ብሬከሩ ይወርዳል። መብራት ሲጠፋና ብርዱ ሲጠና ደግሞ ከሰል ማንደጃ መኝታ ቤት አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ እንዳትተኙ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

አዲስ ተዛዋሪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይህን ያህል አልጠበቅሁም። ሰርቪሱን ጠየቅሁ፤ ደሴ የሚያደርሰው የቀን ፈረቃን ብቻ ነው። ስለዚህ ኮምቦልቻ ሊሆን ነው። አንድ ባለ ብሎኬት ቤት በ11,000 ተገኝቷል፣ ግን አከራዩ የ6 ወር ቅድሚያ ይላል። ውሉ ላይ ደግሞ 5,000 ብር ብለን እንጻፍ፣ ቀሪውን በእጅ ትሰጪኛለሽ አለኝ። ምን ልበለው?

ውልና ማስረጃ

ሁለተኛውን በፍጹም እሺ አትበዪ። ውል ላይ ዝቅ የሚደረገው የአከራዩን የኪራይ ገቢ ግብር ለመቀነስ ነው፤ ጉዳቱ ግን ያንቺም ነው። ነገ ቢጣላሽ በእጅ ለሰጠሽው 6,000 ብር ምንም ማስረጃ የለሽም። አሠሪሽ የቤት አበል ለመክፈል ውል ካየም 5,000 ነው የሚያየው።

ስለ ቅድሚያው፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከ2 ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መቀበልን ይከለክላል። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ያዛል። ጭማሪም አከራዩ እንደፈለገ የሚያደርገው አይደለም። በክልሎች አዋጁ የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ስለሆነ ከመፈረምሽ በፊት ወደ ከተማው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ጎራ በዪና ምዝገባው የት እንደሚደረግ ጠይቂ። አከራዩንም በሕግ ከማስፈራራት ይልቅ እንዲህ በዪው፤ «ጋሼ፣ 2 ወሩን ዛሬ በባንክ አስገባለሁ፣ ውሉ በሙሉ ዋጋው 2 ዓመት ይሁን፣ እኔም ቤትዎን እንደ ራሴ እይዛለሁ።» 2 ዓመት የሚቆይ ደሞዝተኛ ተከራይ ለእሱም ትርፍ ነው።

ገንዘብ ከማስገባትሽ በፊት የቤቱን ካርታና የአከራዩን መታወቂያ አስተያዪ። ስሙ ካልተመሳሰለ ውክልና ይጠየቃል፤ ውክልናው ማከራየትንና ኪራይ መቀበልን በግልጽ የሚል መሆን አለበት፣ «ወንድሜ ውጭ አገር ነው» በቂ አይደለም። የባንክ ሒሳቡም በባለቤቱ ወይም በወኪሉ ስም ይሁን። የደላላውን ክፍያ ማን እንደሚከፍል ቁልፍ ሳትቀበዪ ተነጋገሩ። የውሃና የመብራት ውዝፍ ከቆጣሪው ጋር ስለሚቆይ የመጨረሻውን ደረሰኝ ይስጥሽ። ቁልፉን በምትረከቢበት ቀን የሁለቱንም ቆጣሪ ንባብ ከነቀኑ በውሉ ጀርባ ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ የወንፊቱም ጉዳይ እዚያው ይግባ፣ አከራዩ እስከ መስከረም አስገባለሁ ካለ ቀኑ ተጽፎ።