የሹበርት «ኤርልኬኒግ»፦ ቀኝ እጅ መሃል ላይ ይደነዝዛል፣ ምን ይሻላል?

አጃቢዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። «ኤርልኬኒግ»ን ለባሪቶን (ለመካከለኛ ወንድ ድምፅ) በፒያኖ እያጀብኩ ነው፤ አባት ልጁን ይዞ በፈረስ ሲጋልብ የጫካው ንጉሥ ልጁን የሚያባብልበት፣ ልጁም በመጨረሻ የሚሞትበት ዘፈን ነው። ኖታው ከጂ ማይነር ወደ ኤፍ ማይነር የወረደው ነው። ሜትሮኖም 132 ላይ እስከ ልጁ ሁለተኛ ጩኸት ድረስ እዘልቃለሁ። ከዚያ ክንዴ እንጨት ይሆናል፣ ቀኝ እጅ የሚደጋግመው ኦክታቭም (ስምንት ቁልፍ የሚራራቁት ሁለት አንድ ዓይነት ኖታዎች) እየተቆረጠ አንዳንዱ ምት ጭራሽ አይሰማም። ፒያኖው ቋሚ ነው። አንጓዬን ነው ወይስ ጣቶቼን ማሠራት ያለብኝ? ትሪፕሌቱን (በአንድ ሩብ ሦስት ሦስት የሚመታውን) ማቅለልስ ነውር ነው?

ግራ_ቀኝ፦
መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ኖታው ላይ ያለው ፍጥነት ሩብ ኖታ በደቂቃ 152 ነው። በእያንዳንዱ ሩብ ሦስት ምት ስላለ በደቂቃ 456፣ በሰከንድ 7.6 ይመጣል። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ልምታው ያለ ክንድ ሁለት ገጽ አይሻገርም።

ስለዚህ በየሩቡ አንዴ ብቻ ክንድሽን ጣል አድርጊ፤ የቀሩት ሁለቱ ከዚያው ንጥረት በአንጓ ይምጡ። ጣቶችሽ ከቁልፉ ገጽ አይለቁ። ብዙ ሰው የሚደክመው በፍጥነቱ ሳይሆን መዳፉን ወጥሮ ስለሚይዝ ነው፤ አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ስምንቱን ቁልፍ ይለኩ እንጂ መሃሉ ይላላ። ለመፈተን፣ በቀኝ እየተጫወትሽ በግራ እጅሽ ከክርንሽ በታች ያለውን ሥጋ ንኪው። ድንጋይ ከሆነ ቁሚ። ሕመም ከመጣማ ለዚያ ቀን በቃ።

ልምምዱን ከ100 ጀምሪ፦ አራት ባር መጫወት፣ ሁለት ባር ማረፍ። ሳይደነዝዝ ሦስት ጊዜ ከወጣ አራት ጨምሪ።

ማረፊያዎቹንም እወቂያቸው። የጫካው ንጉሥ መጀመሪያ ሲያባብል ቀኝ እጅ የምቱን መነሻ ለግራ ይተውና ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ብቻ ይመታል። ሁለተኛው ማባበያ ላይ አኮርዱ (አብረው የሚመቱት ኖታዎች) ተበትኖ ይፈስሳል። ሁለቱም ቦታ ላይ አንጓሽን አራግፊ። ሦስተኛው ላይ ግን ያው ድብደባ ከሥር ይቀጥላል፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው ዕረፍት የሚባል ነገር የለም። አንቺ የምትወድቂው ከዚያም ቀድመሽ ስለሆነ ችግሩ አቅም ሳይሆን ውጥረት ነው።

ስለ ማቅለል፦ ሹበርት ራሱ አቅልሎታል። ዘፈኑን በ1815 ከጻፈው በኋላ አራት ቅጂ ነው የተወልን፤ አንዱ ላይ ቀኝ እጅ በሦስት ፋንታ ሁለት ሁለት ይመታል፤ በሰከንድ 5 ያህል ማለት ነው። ነውር የለውም። እኔ ግን ፈረሱ የሚንፈራገጠው በሦስቱ ነውና ትሪፕሌቱን ከማጥፋት ኦክታቩን መቀነስ እመርጣለሁ፦ የታችኛውን ኖታ በየሩቡ መነሻ ላይ ብቻ መንካት፣ የላይኛውን ሳያቋርጡ መምታት። ከአዳራሹ ወንበር ልዩነቱን የሚለይ ጥቂት ነው።

መዶሻና_ሽቦ፦
የላይኛው ምክር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን «ምቱ አይሰማም» የሚለው የእጅ ጥፋት ላይሆን ይችላል። ግራንድ ፒያኖ ላይ መዶሻውን መንገድ ላይ ደግፎ የሚይዝ ዘንግ ስላለ፣ ቁልፉ ሙሉ በሙሉ ሳይመለስ ደግሞ መምታት ይቻላል። ፒያኖ ሠሪው ኤራር የዚህን ፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1821፣ ዘፈኑ በታተመበት ዓመት ነው። ቋሚው ላይ ይህ የለም፤ ቁልፉ ወደ ላይ ሊመለስ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ መዶሻው ዳግመኛ አይነሣም። እጅ ከቁልፉ ከቀደመ ምቱ ባዶ ይሄዳል። የሹበርት ዘመን የቪየና ፒያኖ ደግሞ ቁልፉ ቀላል፣ ጥልቀቱም ትንሽ ነበር፤ የዛሬው 10 ሚሊሜትር ያህል ይወርዳል።

አንድ ጥያቄ፦ ለስላሳውን ቦታ ስትጫወቺ የግራውን ፔዳል ትጫኛለሽ?

አጃቢዋ፦
አዎ፣ የንጉሡ ክፍል ሲመጣ ተጭኜ ብዙ ጊዜ እስከ ጩኸቱ እረሳዋለሁ።

መዶሻና_ሽቦ፦
እንግዲያው ተገኘ። ቋሚ ፒያኖ ላይ ያ ፔዳል መዶሻዎቹን ወደ ሽቦው ያስጠጋል፤ ከቁልፉ የሚመጣው ገፊ ዘንግና መዶሻው መሃል ክፍተት ይፈጠራል። ቁልፉ መጀመሪያ በከንቱ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ነው የሚገፋው። ለድግግሞሽ ከዚህ የባሰ የለም። ፔዳሉን ተይው፣ ለስላሳውን በእጅሽ አውጪው።

ፔዳሉን ለቅቀሽም ቀኝ እጅሽ የሚደጋግማቸውን ሁለቱን ኤፍ ፈትሺ። የላይኛውን የፊት መክደኛ ከፍተሽ ቁልፉን በጣም በዝግታ ተጫኚ። ቁልፉ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ወርዶ መዶሻው ገና ካልተነቃነቀ ክፍተት አለ፤ ከቁልፉ ጀርባ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን በጥቂቱ ከፍ በማድረግ ይጠፋል። ይህን ለፒያኖ አስተካካይ ተይለት። ቁልፉ ራሱ ተጎትቶ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ እርጥበት ነው፦ የቁልፉ ቀዳዳ ውስጥ ያለው ጨርቅ አብጧል።

ዝቅ_ያለ_ድምፅ፦
ከድምፃዊ ወገን ሁለት ነገር። ልጁ «ማይን ፋተር» («አባቴ») እያለ ሲጮኽ በየጊዜው ከፍ ይላል፦ በመነሻው ጂ ማይነር ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት። ፒያኖው በየጊዜው ከሥሩ ግማሽ ድምፅ የሚጋጨውን ይዞ ይደበድባል። ያ ግጭት ነው ጩኸቱ። ስለደከመሽ ቀኝ እጅሽን እዚያ ብታሳሺው ልጁ የሚፈራው ነገር ይጠፋል። ይልቅ ተራኪው ክፍል ላይ ቆጥቢ።

ሁለተኛ፣ አባትየው በፍርሃት ሲጋልብ ኖታው ማፍጠን ያዛል፤ 152 ላይ ጀምረሽ ምን ልትጨምሪ ነው? 140 ላይ ተነሡና እዚያ ድረሱ። መጨረሻው ላይ ፒያኖው ሲቆም ፔዳሉን ሙሉ በሙሉ ልቀቂ፤ «ቫር ቶት» («ሞቶ ነበር») በዝምታ ላይ ነው የሚባለው። ሁለቱን የመዝጊያ አኮርዶች የድምፃዊው የመጨረሻ «ት» ከተሰማች በኋላ እንጂ ከእርሷ ጋር አትምቺ።