የርቀት ካሜራው ዕቅድ፦ ሌንሱን እናርዝም ወይስ ካሜራውን እናስጠጋ?

ረቂቅ አዘጋጁ

ውድ አባላት፣ በስብሰባው የተሰጠኝን አደራ ይዤ የመጀመሪያውን ረቂቅ አቅርቤአለሁ። ዓላማችን በኩሬው መካከል ባለችው ደረቅ መሬት ላይ የሚያርፉትን የውሃ ወፎች ሳንረብሽ ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። ከኩሬው ዳር እስከ ማረፊያቸው 100 ሜትር ያህል ነው፤ እኛ የምንቀመጥበት መጠለያ ደግሞ ከማረፊያው 400 ሜትር ይርቃል። የጻፍሁት እንዲህ ይላል፦ «ማኅበሩ 600 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ፣ እርሱን የሚመጥን ካሜራ፣ በርቀት የሚዞር የካሜራ ራስና ጠንካራ ማቆሚያ ይግዛ። ካሜራው ዳር ላይ ተተክሎ ከመጠለያው በስልክ ይታዘዝ።»

ስታርሙ ምክንያቱን አብራችሁ ጻፉልኝ። «አይሆንም» ብቻ ተብሎ ቢቀር ረቂቁ ወዴትም አይራመድም።

የመሣሪያ ክፍል ተጠሪ

ወንድሜ፣ ድካምህን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ረቂቁ ገንዘባችንን የሚያፈስሰው በተሳሳተው ርቀት ላይ ነው። ከወፎቹ መራቅ ያለብን እኛ ነን። ካሜራው ይራቅ ያለን የለም።

በቁጥር ላስረዳ። ሌንስ የሚለካበት ሚሊ ሜትር የትኩረት ርዝመቱ ነው፤ በበዛ ቁጥር ሩቁን ያጎላል። ግማሽ ሜትር ቁመት ያላት ወፍ 100 ሜትር ርቃ በ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብትነሣ፣ ሴንሰሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ገጽ) ላይ የምታርፈው ምስሏ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የሙሉ ፍሬም ሴንሰር ቁመት 24 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ወፏ የምስሉን ቁመት አንድ ስምንተኛ ትይዛለች ማለት ነው። በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ ከቁመቱ 4000 ፒክስል (የምስሉ ነጥቦች) 500ው ይደርሳታል። ያችኑ ወፍ ከ8 ሜትር በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ እናንሣት፤ ምስሏ 12.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ፒክስሉም ከ2000 ያልፋል። በሌንሱ አንድ ሦስተኛ ርዝመት አራት እጥፍ ዝርዝር አገኘን።

ይህም አየሩን ሳንቆጥር ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ውሃውንና አሸዋውን ማሞቅ ስትጀምር በ100 ሜትር መካከል ያለው አየር ይንቀጠቀጣል፤ የላባው ጠርዝ እንደ ቀለጠ ሰም ይሆናል። ይህን የሚያጠራ ሌንስ የለም፤ እንዲያውም ሌንሱ በረዘመ ቁጥር እንቅጥቅጡንም አብሮ ያጎላዋል።

ነባር አባል

ልጄ፣ ስሌትህን ተቀብያለሁ። ነገር ግን ወገባችን የማይችለውን ሁሉ ተሸክመን ኩሬ ከምንሻገር፣ ያቺን እስከ 3000 ሚሊ ሜትር ታጎላለች የምትባለውን ኒኮን ፒ 1000 ብንወስድስ? እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣች ናት፤ ማጉያዋም በስልክ ይታዘዛል። ሌሎቹ ሌንሶች የማጉያ ቀለበታቸውን የሚያዞር እጅ ይፈልጋሉ።

የመሣሪያ ክፍል ተጠሪ

ጋሼ፣ ስለ ማጉያው ያሉት ትክክል ነው፤ እኔም ልነሣው ያሰብሁት ነጥብ ነበር። አብዛኞቹ ተቀያያሪ የማጉያ ሌንሶች በርቀት ትኩረታቸውን እንጂ የማጉላት መጠናቸውን አያስተካክሉም። ስለዚህ ስፋቱን አስቀድመን ወስነን ቀለበቱን በማጣበቂያ ማሰር ይኖርብናል።

3000 የሚለው ቁጥር ግን በካሜራዋ ትንሽ ሴንሰር ምክንያት ከሙሉ ፍሬም ጋር የተደረገ ንጽጽር ነው። የሌንሱ እውነተኛ የትኩረት ርዝመት 539 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ የ100 ሜትሯ ወፍ ከ3 ሚሊ ሜትር አታልፍም። ፒክስሎቹ በጣም ደቃቅ ስለሆኑ ብዙ ዝርዝር ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያ ርዝመት የሌንሱ ክፍተት ኤፍ 8፣ ማለትም ጠባብ ሲሆን አንዲት የብርሃን ነጥብ ወደ 10 ማይክሮ ሜትር ትሰፋለች፤ አንዱ ፒክስል ደግሞ 1.3 ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው። በወፍራም ብሩሽ ደቃቅ ጽሕፈት እንደ መጻፍ ነው። ወፏን ለመለየት ትበቃለች፤ ለኤግዚቢሽን ግን አትሆንም።

የወፍ ጥናት ክፍል ተጠሪ

ስለ ፒክስሉ አልከራከርም። 8 ሜትር የሚለውን ግን እንዲሁ አላሳልፈውም። ወፎቹ ካሜራውን አይፈሩም ያለው ማን ነው? ረቂቁ ውስጥ እንዲገባ የምፈልጋቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ካሜራው ከመግባቱ በፊት ባዶ ሣጥን ቦታው ላይ ይቀመጥ፤ ወፎቹ ተመልሰው አጠገቡ ማረፍ ካልጀመሩ ሣጥኑ ወደ ኋላ ይመለስ፣ ካስፈለገም እስከ 20 ሜትር። ሁለተኛ፣ በመራቢያ ወቅት ማንም እግሩን አያስገባ። ጎጆዋን ጥላ የተነሣች ወፍ እንቁላሏ ለፀሐይ ይጋለጣል፤ የኛ ፎቶግራፍ ያንን አያካክስም።

ድምፅም አለ። ባለመስታወት ካሜራ በየቀረጻው መስታወቱን ሲያነሣና ሲጥል 8 ሜትር ላይ ለወፍ ጆሮ ጥይት ነው።

የመሣሪያ ክፍል ተጠሪ

ሁለቱም ይግቡ። ለድምፁ መፍትሔው መስታወት አልባ ካሜራና ኤሌክትሮኒክ ሻተር (ያለ ተንቀሳቃሽ መዝጊያ የሚቀርጽ) ነው፤ ምንም ድምፅ የለውም። የሚያስከፍለን ሌላ ነው፦ ተራ ሴንሰር ምስሉን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ስለሚያነብ፣ የምትርገበገብ ክንፍ ተጣምማ ትወጣለች። በዝግታ የሚያነብ ሴንሰር ያለውን ካሜራ ከወሰድን የቆሙ ወፎችን እንጂ የሚበርሩትን አንጠብቅ። እንደ ኒኮን ዜድ 9 ያሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ሜካኒካል ሻተርን ጭራሽ ያስቀሩት፣ ይህን ችግር አቃልለዋል፤ ዋጋቸው ግን ከሒሳብ ያዣችን ጋር ያጣላናል። እኔ የቆሙትን እመርጣለሁ።

ሒሳብ ያዥ

በእርግጥም ያጣላናል። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ ሌንሱ ካጠረ ወጪው ቀነሰ ማለት ነው?

ራዲዮ የሚያውቀው አባል

እህቴ፣ ወጪው ቦታ ይቀይራል እንጂ ብዙም አይቀንስም። ረቂቁ ላይ «ከመጠለያው በስልክ ይታዘዝ» የሚለውን ሳነብ ፈገግ ብያለሁ። በካሜራው ውስጥ ያለው ዋይፋይ የተሠራው በአሥር፣ በሃያ ሜትር ርቀት ስልክ ለያዘ ሰው ነው። 400 ሜትር ላይ ዝም ይላል።

ሽቦ ብንዘረጋስ? ዩኤስቢ ከ5 ሜትር ያለፈ ኬብል አይወድም። የኔትወርክ ኬብል 100 ሜትር ድረስ ይሄዳል፤ ለኛ አራት እጥፍ ያጥራል። የፋይበር ገመድ ርቀቱ ቀልዱ ነው፤ ነገር ግን ውሃ ዳር የተዘረጋን ገመድ ከብት ይረግጠዋል፣ ሰውም ይሰናከልበታል።

የራዲዮ ማስነሻስ? ብዙ መቶ ሜትር የሚደርሱ አሉ፣ ባትሪም እምብዛም አይበሉም። ችግራቸው ዕውርነታቸው ነው። ቁልፉን ትጫናለህ፣ ካሜራው ያነሣል፤ ወፏ ትኑር፣ ጀርባዋን ትስጥ፣ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይኑር፣ የምታየው ነገር የለም። እንደ መጠባበቂያ አንድ ይኑረን እንጂ ዋናው መንገዳችን አይሁን።

የእኔ ሐሳብ በሁለቱም ጫፍ አቅጣጫ ያለው አንቴና የሚተከልበት የ5 ጊጋኸርዝ ድልድይ፣ ማለትም ሁለቱን ጫፎች ያለ ሽቦ የሚያገናኝ የራዲዮ መስመር ነው። 400 ሜትር ለእርሱ ቅርብ ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ እርስ በርስ መተያየት አለባቸው። መተያየት ስል ዓይን በቀጭን መስመር ማየቱን ብቻ አይደለም። ሞገዱ መካከሉ የሰፋ እንዝርት መስሎ ነው የሚጓዝ፤ በዚህ ርቀት እንዝርቱ መሃል ላይ ከመስመሩ በላይም በታችም 2 ሜትር ከ30 ይደርሳል። ቄጠማው ከዚህ ውስጥ ገብቶ ሲያድግና ሲረጥብ ግንኙነቱ ይዳከማል። ስለዚህ አንቴናዎቹ ከቄጠማው በላይ ቢያንስ 2 ሜትር ከፍ ይበሉ። የምንጠቀምበት ሞገድ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀድ መሆኑንም ከግዢ በፊት እናጣራ።

አዲስ አባል

ይቅርታ፣ አዲስ ነኝና ከተሳሳትሁ አርሙኝ። ድልድዩ ካሜራው ጋር ደረሰ እንበል፤ ማን ነው ካሜራውን የሚያዝዘው? እቤቴ የሞከርሁትን ልንገራችሁ። ራስበሪ ፓይ የምትባለውን ትንሽ ኮምፒውተር ከካሜራው ጋር በአጭር ዩኤስቢ አገናኝቼ፣ ጂፎቶ 2 የተባለውን ነጻ የሊኑክስ ፕሮግራም ጫንሁባት። ካሜራው በዚያው ቅጽበት የሚያየውን፣ ቀጥታ እይታውን፣ አየሁ፣ የብርሃን መጠኑን ቀየርሁ፣ ትኩረቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፋሁ፣ አነሣሁ። ዊንዶውስ የሚመርጥ ዲጂካምኮንትሮልን ሊሞክር ይችላል።

ያልተሳካልኝንም ልንገራችሁ። ከግቢው ማዶ ሆኜ ወፍ ስጠብቅ ቆየሁ፤ ወፏ መጣች፣ ካሜራው ግን ኃይል ለመቆጠብ ተኝቶ ነበር። ያን ቅንብር አለማጥፋቴ የራሴ ጥፋት ነው። ሌላው፣ ሌንሱ ላይ ያለውን ማብሪያ በእጅ ትኩረት ላይ ትቼው ስለነበር ትኩረቱን በርቀት ማንቀሳቀስ አልቻልሁም፤ ለአንዲት ሚሊ ሜትር ማብሪያ ግቢውን አቋርጬ ሄድሁ። በኩሬው ላይ ያ ጉዞ ጀልባ ይፈልጋል።

ስለዚህ ካሜራው ሲመረጥ «በፕሮግራሙ ዝርዝር ውስጥ አለ» መባሉ አይበቃም። አንዳንዱ ምስል ማውረድ ብቻ ይችላል። ማንሣትም፣ ቀጥታ እይታም፣ ትኩረትም በዩኤስቢ የሚታዘዙ መሆናቸው በዓይን ይታይ።

ነባር አባል

ይህች ልጅ ከሁላችንም ቀድማለች። የሞከረ ሰው ወግ ይለያል።

ሒሳብ ያዥ

እኔም ወደድሁት። ምስሎቹስ እንዴት ይመጣሉ? በኩሬው ላይ ያሉት ቢጠፉ?

የመሣሪያ ክፍል ተጠሪ

ጥሬው ፋይል (ካሜራው ያላቀናበረው ሙሉ ምስል) በካሜራው ካርድ ላይ ይቅር፤ በአየር የሚመጣው ትንሹ ጄፔግ ብቻ ይሁን። አንዱ ጥሬ ፋይል ከ25 ሜጋባይት በላይ ነው፤ ሁሉንም በአየር እናምጣ ብንል እይታችን ይጓተታል።

ካርዱን ደግሞ አትናቁት። እ.ኤ.አ. በ2018 የናሳ ፎቶግራፍ አንሺ ቢል ኢንጋልስ ለአንድ የሮኬት ማስወንጨፊያ በርቀት ከተከላቸው ካሜራዎች አንዱ በሣር እሳት ቀልጧል። የሚገርመው፣ የተቃጠለው ከአደጋው ክልል ውጭ የነበረው ነው፤ ወደ ሮኬቱ የቀረቡት ተረፉ። የቀለጠውን ገላ ፈልቅቀው ሲያዩ ግን ካርዱ ደኅና ነበር፣ ምስሎቹም ተገኙ።

ስለ ዟሪው ራስም አንድ ቃል ልበል። በ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ የምናየው ስፋት 3.4 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ራሱ ግማሽ ዲግሪ ቢወላገድ ከምስሉ አንድ ሰባተኛው ይንሸራተታል። በ200 ሚሊ ሜትር ግን ስፋቱ 10 ዲግሪ ስለሚሆን ያው መወላገድ አንድ ሃያኛ ብቻ ነው። ሌንሱን በማሳጠራችን መካከለኛ ራስ ይበቃናል። ወይዘሮ ሒሳብ ያዥ፣ ቁጠባው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ራዲዮ የሚያውቀው አባል

ኃይሉን ማንም አላነሣውም። ካሜራው ቀጥታ እይታ በርቶ 5 ዋት፣ ትንሿ ኮምፒውተር 5፣ አንቴናው 5 ብለን እንያዝ፤ 15 ዋት። የካሜራው የራሱ ባትሪ 16 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሚይዝ ብቻውን ከሦስት ሰዓት ብዙም አያልፍም። 12.8 ቮልት፣ 20 አምፔር ሰዓት የሆነ የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ግን 256 ዋት ሰዓት አለው፤ ከዚያ 80 በመቶውን ብንጠቀም 13 ሰዓት ተኩል እንሠራለን። ንጋት ገብቶ ማታ ይወጣል። ለካሜራው የባትሪ ቅርጽ ያለው የኃይል ማገናኛ ያስፈልጋል፤ ካሜራ ሲመረጥ ይህ ማገናኛ የሚገኝለት መሆኑ ይታይ።

ሒሳብ ያዥ

እንግዲያው የእኔ ማሻሻያ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። እስካሁን ካሜራና ሌንስ ስንገዛ የኖርን ሰዎች ነን፤ ካሜራና ሌንስ ደግሞ በየአባላቱ ቤት ሞልቷል። አንቴና ያለው ግን አላየሁም። ስለዚህ መጀመሪያ ድልድዩ፣ ባትሪውና ሣጥኑ ይገዙ። ካሜራና ሌንስ በውሰት ይሞከሩ፤ ግዢያቸው መጨረሻ ላይ ይምጣ። ሙከራው ቢከሽፍ የምናጣው ትንሹን ነው።

ረቂቅ አዘጋጁ

ረቂቄ ፈርሶ ሌላ ሆኗል፤ አልተከፋሁም። የተስማማንበትን ጻፍሁት፦

«ማኅበሩ ካሜራውን ከወፎቹ ማረፊያ ከ8 እስከ 20 ሜትር ባለ ርቀት ያኖራል፤ ትክክለኛው ርቀት ባዶው ሣጥን ተቀምጦ የወፎቹ ሁኔታ ከታየ በኋላ በወፍ ጥናት ክፍል ይወሰናል። በመራቢያ ወቅት ሥራው ይቆማል። ካሜራው መስታወት አልባ፣ ድምፅ አልባ ሻተር ያለው፣ ማንሣቱ፣ ቀጥታ እይታውና ትኩረቱ በዩኤስቢ የሚታዘዙ፣ የውጭ ኃይል የሚቀበል ይሁን። ሌንሱ 200 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ይሁን። ከመጠለያው ጋር በ5 ጊጋኸርዝ ድልድይ ይገናኝ፤ የራዲዮ ማስነሻ በመጠባበቂያነት ይያዝ። ጥሬ ፋይሎች በካርዱ ላይ ይቀመጡ። በቅድሚያ ድልድዩ፣ ባትሪውና ሣጥኑ ይገዛሉ፤ ካሜራና ሌንስ ከአባላት በውሰት ይሞከራሉ።»

የቀረ ካለ እስከ ዓርብ ጻፉልኝ።

ነባር አባል

የእኔን ከ70 እስከ 200 የሚያጎላ ሌንስ ለሙከራው አውሳለሁ። ሣጥኑ ግን ድፍን እንዳይሆን፤ ከታች ቀዳዳ ይኑረው። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ሌንሱ ፊት ላይ ላብ ሆኖ ይቀመጣል፣ ከመጠለያው ሆኖ የሚወለውለው ደግሞ የለም።

የወፍ ጥናት ክፍል ተጠሪ

ባዶውን ሣጥን ቅዳሜ ከንጋቱ በፊት፣ ወፎቹ ሳይመጡ፣ እኔ አስቀምጣለሁ። አብሮኝ የሚሻገር አንድ ሰው እፈልጋለሁ፤ ጫማው ቢረጥብ የማይከፋው ይሁን።