ደብረ ብርሃን ላይ የቤት ኤስፕሬሶ ማሽን፦ ቡናው የሚኮመጥጠው ለምንድን ነው?

የጠባሴዋ

ሰላም ለዚህ ቤት። ወንድሜ በጥቅምት ከጣሊያን ሲመጣ የቤት ኤስፕሬሶ ማሽን ይዞልኝ መጣ። ትንሽ ናት። ቡና የሚገባበት እጀታ አላት፣ ለወተት የእንፋሎት ቱቦ አላት፣ ሳጥኗ ላይ 15 ባር ይላል። ሁለት ማጣሪያም አብሮ አለ። አንዱ ከታች እንደ ወንፊት ብዙ ቀዳዳ አለው፤ ሌላው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ወንድሜ ሦስት ቀን አድሮ ስለተመለሰ አሠራሩን በደንብ አላሳየኝም።

የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። ቤታችን ቡና በቀን ሁለቴ ይፈላል። እናቴ ራሷ አጥባ፣ ቆልታ፣ በሙቀጫ ወቅጣ ነው የምታፈላው። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ከረከቦቱ አጠገብ ነው ያደግሁት። ይቺ ማሽን ግን ግራ አጋብታኛለች።

እሁድ ጠዋት እናቴ የቆላችውን ቡና ገና ትኩሱን ወሰድኩና በሙቀጫ ወቀጥኩት። ብዙ ቀዳዳ ያለውን ማጣሪያ ሞልቼ ጠቀጠቅሁት። ቁልፉን ስጫን ቡናው እንደ ቧንቧ ውሃ ወረደ። በ8 ሰከንድ ስኒው ሞላ። በሁለተኛው ይበልጥ አደቀቅሁት። ያኔ ደግሞ አልወርድ አለ። ጠብ፣ ጠብ ሲል ቆየና በአንድ በኩል ተፈናጠረ። ጣዕሙ ይኮመጥጣል፤ ይመራልም። ሁለቱም በአንድ ስኒ! እናቴ አንዴ ፉት አለችና "ልጄ፣ ይሄ ቡና አልበሰለም" ብላ መለሰችልኝ።

ሌላው ደግሞ፣ ቡና ሳላስገባ ውሃ ብቻ ሳስወርድ ከእንፋሎት ጋር እየተንፈቀፈቀ ይተፋል። ጎረቤታችን "እዚህ ደጋ ላይ ውሃ ቶሎ ስለሚፈላ እንዲህ ዓይነት ማሽን አይሠራም" አሉኝ። እውነት ነው? ወንድሜ ይሄን ሁሉ መንገድ ተሸክሞት መጥቶ ቁም ሳጥን ላይ እንዲቀመጥ አልፈልግም። እናቴም አንድ ስኒ እስከ መጨረሻው እንድትጠጣልኝ ነው የምፈልገው።

ፒያሳ 14 ዓመት

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ፒያሳ ካፌዎች ውስጥ 14 ዓመት ማሽን ላይ ቆሜ ሠርቻለሁ። የምነግርሽ በእጄ ያየሁትን ነው።

መጀመሪያ ከማሽኑ ጀርባ ወይም ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። የጣሊያን ዕቃ ከሆነ 220 ወይም 230 ቮልት ይላል፣ ለእኛ መብራት ይሆናል። (የአሜሪካ ዕቃ 120 ነው የሚለው። እሱን በቀጥታ የሰካ ሰው ወዲያው ያቃጥለዋል።) ዲቫይደር ላይ አትሰኪው። ውሃ የሚያሞቅ ዕቃ ኃይል ብዙ ይስባል፤ ከግድግዳው ሶኬት ይሻላል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ወዲያው ንቀይው።

አሁን ወደ ጎረቤትሽ ልምጣ። ግማሹን ልክ ናቸው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ ክፍት ዕቃ ውስጥ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። የእናትሽ ጀበናም እዚያው ላይ ነው የሚፈላው። ማሽንሽ ደግሞ ውሃውን 93 አካባቢ ያደርሰዋል። ስለዚህ ባዶውን ስታስወርጂው ውሃው አየር እንዳገኘ ይፈላል፣ ይተፋል። ብልሽት አይደለም።

ቡናው ተጠቅጥቆ ሲገባ ነገሩ ሌላ ነው። ፓምፑ ከላይ ይገፋል፣ ቡናው ከታች ይይዛል። መሃል ላይ 9 ባር የሚሆን ግፊት ይፈጠራል። በዚያ ግፊት ውስጥ ውሃ ለመፍላት ከ170 ዲግሪ በላይ ያስፈልገዋል። በ93 ዲግሪ ዝም ብሎ ቡናው ውስጥ ያልፋል ማለት ነው። ደብረ ብርሃንም ሆነ አዳማ፣ ማጣሪያው ውስጥ የሚሆነው ያው ነው። ሳጥኑ ላይ ያየሽው 15 ባር ፓምፑ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ግፊት ነው፤ ቡናው የሚፈልገው 9 አካባቢ ነው።

ታዲያ የኮመጠጠው ለምንድን ነው? ሙቀጫው ነው። ሙቀጫ ለጀበና የሚሆነው ቡናው ውሃው ውስጥ ስለሚንተከተክ ነው። ደቃቁም ሻካራውም ጊዜ አለው፣ ኋላ ይሰክናል። ማሽን ላይ ያለሽ ግማሽ ደቂቃ ብቻ ነው። ውሃው ሻካራውን ቶሎ አልፎት ይሄዳል፣ ያ ይኮመጥጣል። ደቃቁን ደግሞ አሟጦ ያወጣዋል፣ ያ ይመራል። ሁለቱን በአንድ ስኒ ያገኘሽው ለዚህ ነው። እናትሽ "አልበሰለም" ያሉት ትክክል ነው። ምላሳቸው አልተሳሳተም።

ሁለተኛው የቡናው ትኩስነት ነው። እናትሽ እንዳይቀየሙኝ እንጂ፣ ለማሽን የዛሬ ቁሌት አይሆንም። ገና የተቆላ ቡና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ጀበና ውስጥ ሲገነፍል የምታይው አረፋም ከዚያ ነው። ማሽን ላይ ግን ጋዙ ውሃውን እየገፋ አወራረዱን ያዘበራርቀዋል። ቆልታችሁ፣ በደንብ አቀዝቅዛችሁ፣ ክዳኑ ጠበቅ በሚል ዕቃ አስቀምጡት። ከ5 እስከ 10 ቀን ይቆይ። ፈጭተሽ ሳይሆን በፍሬው።

ደህና መፍጫ እስክታገኚ ድረስ ባለ አንድ ቀዳዳውን ማጣሪያ ተጠቀሚ። ግፊቱን ራሱ ስለሚፈጥር አፈጫጩ ትንሽ ቢዛነፍም ይታገሥሻል። የሚሰጥሽ አረፋ ግን ከቡናው ጥራት የመጣ አይደለም፤ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ተጨምቆ የወጣ ነው። መፍጫው ሲመጣ ወደ ወንፊቱ ተመለሺ። ትንሽ ሚዛን ይኑርሽ። ማጣሪያሽ 14 ግራም ደረቅ ቡና የሚይዝ ከሆነ 28 ግራም ገደማ ይውረድልሽ፣ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ። ከፈጠነ አድቅቂው፣ ከዘገየ አሻክሪው። ግራሙን አትንኪ። ሰዉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ቡናውንም፣ አፈጫጩንም፣ አጠቃጠቁንም በአንዴ ይቀይርና የቱ እንደሠራለት አያውቅም።

የጠባሴዋ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጽሑፉ 230 ቮልት ይላል፤ ልቤ አረፈ። ለጎረቤታችንም አነበብኩላቸው፤ "የጀበናውን 90 ዲግሪ ዛሬ ሰማሁ" ብለው ተገረሙ። ለእናቴም ምላሷ አለመሳሳቱን ነግሬያታለሁ። ደስ ብሏታል።

አንድ ነገር ልጠይቅ። መፍጫ ፍለጋ ገበያ ስወጣ በርበሬና ቅመም የሚፈጨውን፣ ምላጭ ያለውን አሳዩኝ። ይሆናል? ደግሞ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ነገር ይጋገራል። ማሽኑንም እንዲህ ያደርገዋል?

ከሸዋ ሮቢት

ምላጭ ያለውን እንዳትገዢ። እኔ ገዝቼ አይቼዋለሁ። እየቆራረጠ ነው እንጂ እኩል አይፈጭም፤ ከሙቀጫው ብዙም አይለይም። የበርበሬው ሽታ ደግሞ አይለቅም። በእጅ የሚዞር፣ ውስጡ ሁለት ጥርሳም ብረት ያለው ፈልጊ። ርቀታቸውን በቁጥር የምታስተካክዪበት ቢሆን ይመረጣል። ለአንድ ስኒ ትንሽ ደቂቃ ክንድሽን ያደክማል እንጂ ሥራውን ይሠራል።

የመሐል ሜዳ ልጅ

እኔ ያለሁት መንዝ ነው፣ ከእናንተም ከፍ ይላል። ማሽን ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ጋሼ ያልነካውን ልጨምር፤ ብርዱን።

ጥቅምትና ኅዳር ጠዋት ውርጭ ላይ ማሽኗ "ሞቄአለሁ" የሚለውን መብራት ታበራለች፤ እውነቱን ግን ውሃው ነው የሞቀው። እጀታው በረዶ ነው፣ ስኒውም በረዶ ነው። ብረቱ ሙቀቱን ይጠጣውና ቡናው ይኮመጥጣል። እጀታውን ባዶውን ግጠሚና 20 ደቂቃ አብርተሽ ተዪያት። ቀጥሎ አንድ ጊዜ ባዶ ውሃ አስወርጂ፣ በዚያው ውሃ ስኒውን አሙቂ። እኔ ይሄን ብቻ አድርጌ ጣዕሙ በግማሽ ተለውጦልኛል።

ለነጩ ነገር፣ አዎ፣ ማሽኑ ውስጥም ይጋገራል። ውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን ተጋግሮ የሚፈጥረው ድንጋይ ነው። ጠባቧን ቱቦ ይደፍናታል። በየሁለት ሦስት ወሩ ሲትሪክ አሲድ በውሃ በጥብጠሽ አሳልፊባት፣ ከዚያ ብዙ ንጹሕ ውሃ። አቼቶ የሚሉሽ ይኖራሉ። ሽታው ለሳምንት አይለቅም፣ ጎማውንም ይጎዳል። መመሪያዋ ወረቀት ላይ መጠኑ አለ፣ እሱን ተከተዪ።

ወተት ደግሞ ሰፈራችን የተባረከ ነው። የላሙን ወተት አፍልተሽ፣ በደንብ ቀዝቅዞ ይደር። ለማሽን ቀዝቃዛ ወተት ነው ጥሩ አረፋ የሚሰጠው። የቱቦውን ጫፍ ከወተቱ ፊት ብዙም ሳታርቂ ያዥ፣ ጣሳውን በመዳፍሽ ደግፊ። መዳፍሽ መታገሥ ሲያቅተው፣ 60 ዲግሪ ገደማ ነው፣ አቁሚ። ቱቦውን ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊና እንፋሎት አንዴ ልቀቂበት፤ ወተት ደርቆበት ከቀረ መከራ ነው። ከእንፋሎት በኋላ ማሽኗ በጣም ትግላለች፤ ባዶ ውሃ አስወርደሽ ሳታበርጂያት ቡና አትሥሪ፣ ያርራል። ከረቡዕና ዓርብ ውጪ ያለውን ቀን ተጠቅመሽ አሁኑኑ ተለማመጂ። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፤ ከዚያ እስከ ገና ወተት የለም።

የጠባሴዋ

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

የሥራ ባልደረባዬ አዲስ አበባ ስትወርድ ጥርሳም የእጅ መፍጫ ገዝታ አመጣችልኝ። ቡናው 8 ቀን ቆይቶ ነበር፣ የይርጋጨፌ ነው። ዛሬ ቅዳሜ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ሳትመለስ ተነሳሁ። ማሽኗን አብርቼ 20 ደቂቃ ጠበቅሁ። ብዙ ቀዳዳ ያለውን ማጣሪያ ገጠምኩ፣ 14 ግራም።

የመጀመሪያው በ16 ሰከንድ ወረደ። ኮመጠጠ። መፍጫውን ሁለት ቁጥር አጠበቅሁት፤ 41 ሰከንድ ፈጀ፣ መረረ። አንድ ቁጥር መለስኩት። 27 ሰከንድ። ሲወርድ ቀጭን ነበር፣ እንደ ማር ክር። ቀለሙ ቀይ ቡኒ። ቀመስኩት። መጀመሪያ የሎሚ ነገር አለው፣ ኋላ ይጣፍጣል። ብቻዬን ኩሽና ውስጥ ቆሜ እንባዬ መጣ። ለወንድሜ ወዲያው ደወልኩለት።

እናቴ ገባች፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ ስኒውን ሰጠኋት። ፉት አለች። ዝም አለች። ደግማ ፉት አለች። ጨረሰችውና ስኒውን ዘረጋችልኝ። "ቶናውስ?"

ማሽን ቶና እንደሌለው፣ ያ ቡና አንዴ ካለፈበት እንደማይደገም አስረዳኋት። ትንሽ አዘነች፤ ለእሷ ቡና በአቦል አያልቅም። አዲስ 14 ግራም ፈጭቼ ሁለተኛ ሠራሁላት፣ እሱንም ጠጣች።

ከሰዓት በኋላ ለጀበናው ስትቆላ አንዳንዱን ፍሬ ሳይጠቁር ቀድማ ከምጣዱ ላይ አነሳችና ለብቻ አስቀመጠችው። "ይሄ ለማሽንሽ ነው፤ ያንቺ መጥቆር አይወድም" አለችኝ። ይሄን ማንም አልነገራት። አሁን መደርደሪያው ላይ ሁለት ብርጭቆ ዕቃ አለ። የጀበናው ክፍት ነው፣ ነገ ጠዋት ያልቃል። የማሽኑ ላይ ፕላስተር ለጥፌ የተቆላበትን ቀን ጽፌበታለሁ።